ስባሪዋ ጨረቃ

ጥቅምት 4

ለእህቴ ለሚጢጢ፣

እንዴት ነሽ? ይህን «እንዴት ነሽ» የጻፈው ማን ይመስልሻል? ልብስ ሰፊው አይደለም። እሱ እኔ አሥር ቃል ስነግረው ሦስቱን ጽፎ ሰባቱን በሆዱ የሚያስቀር ሰው ነበር። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በራሴ እጅ፣ በራሴ እስክሪብቶ፣ በማታ ትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ። መምህሯ «እንደ አንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች። ሌሎቹ ተማሪዎች ስድብ ነው ይላሉ። ይቀኑብኛል።

ፊደልን ከሀ እስከ ፐ አንበርክኬዋለሁ። እኔ በሬ በቀንዱ ይዤ የምጥል ሰው ነኝ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ «ጰ» ከበሬ ይከብዳል። ደግሞ ሦስት ዓይነት «ሀ» ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅኳት። አንዱ ከበቃ ሁለቱን ወደ ቄራ ላኪልን፣ በአንድ ጠዋት ገፍፈን እንሰቅላቸዋለን አልኳት። ከክፍል አስወጣችኝ። የዚያን ቀን በመስኮት ቆሜ ተማርኩ።

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። ደብዳቤሽን ለቄራው ሰው ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የመታጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ወጥቼ፣ ደሙ ከቦት ጫማዬ ሳይደርቅ። መጀመሪያ «ከእንግዲህ ልብስ ሰፊው አይጽፍልኝም፣ ጡረታ አውጥቼዋለሁ» ብዬ አሳቅኳቸው። ከዚያ አንቺ ጋ ደረስኩ። «ከፀሐይ እጅግ ርቆ በሚዞረው ፕላኔት ዙሪያ፣ እስከ ዛሬ ማንም ያላያትን አንዲት ትንሽ ጨረቃ አገኘሁ» የሚለውን ሳነብ አንድም ሰው አልሳቀ። ቆዳ ገፋፊው ብቻ «ጨረቃ አንድ አይደለችም እንዴ?» አለ። «አንተ የምታውቀው አንድ መንገድ ስለሆነ፣ ከቤትህ ወደ ቄራ፣ ሁሉም ነገር አንድ ይመስልሃል» አልኩት። ያለሽበትን ቦታ ስም ግን ዘለልኩት። ማንበብ የቻለ ሰው መዝለልም ይችላል።

አንድ ዙር ለመዞር ዘጠኝ ዓመት ይፈጅባታል ያልሽው እውነት ነው? ምን ዓይነት ሰነፍ ናት። እኔ ከቁርስ በፊት ግቢውን ዘጠኝ ጊዜ እዞራለሁ።

ስለ ቀበቶው ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ አሁንም ከብት ጭኖ በየሳምንቱ ይመጣል። ያንኑ ቀበቶ ነው የታጠቀው፤ የብረት ዘለበቱ ግራ ጆሮሽን ያደነቆረውን። ባልሽ ነበር ለማለት አፌ እሺ አይለኝም፣ ስሙንም አልጽፍም፤ ፊደል የተማርኩት ለሱ አይደለም። ጥለሽው ከጠፋሽ ሦስት ዓመት ሙሉ የሞትሽ ይመስለው ነበር። «ነበር» ያልኩት ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቀን መኪናውን አቁሞ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ነው። አይዞሽ። ጉልቤ የሚሉኝ በከንቱ አይደለም።

ወንድምሽ
ጉልቤ

(ይህ ፊርማ ይባላል። አውራ ጣቴ ከቀለም አርፋለች።)


ጥቅምት 19

ወንድምዓለም፣

ፖስታውን ስከፍት የጠበቅኩት የልብስ ሰፊውን ጽሑፍ ነበር። ያንተ መሆኑን ሳውቅ ቁጭ አልኩ። ፊደሎችህ ልክ እንዳንተ ደረታቸውን ነፍተዋል። ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ከጨረቃይቱ ፎቶ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እዚህ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያው ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት «ማነው ይሄ?» ሲሉኝ «ታላቅ ወንድሜ ነው» አልኳቸው። ስለው ደስ አለኝ።

አሁን ልቆጣህ ነው። አነበብክላቸው? ልብስ ሰፊው ሦስት ዓመት ሁለታችንንም በሆዱ ይዞ ኖረ፤ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። አንተ ፊደል በቆጠርክ ማግስት ገንዳ ላይ ወጣህ። ለእኔ ስትል ከእንግዲህ በልብህ አንብብ። መምህሯ በልብ ማንበብ አላስተማረችህም?

«እስከ ዛሬ እንዴት ሳትታይ ቀረች» ብትለኝ፤ በጣም ትንሽ ናት። በጠዋት ከአንዱ ጫፍ ብትነሣ ሳይመሽ ሌላው ጫፍ ትደርሳለህ። እንደ ከሰል ጥቁር ናት። አጠገቧ ያለው ፕላኔት ደግሞ ይደምቃል፣ በብርሃኑ ይውጣታል። በአንድ ፎቶ አትገኝም። ብዙ ፎቶ እናነሣና አንዱን በሌላው ላይ እንደርባለን፤ ግን እያንዳንዱን፣ እሷ ትሄድበታለች ብለን በገመትነው መንገድ ትንሽ ትንሽ እያንሸራተትን ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ያለው ጨለማ ብቻ ነው። ከገጠመ ግን ከዋክብቱ ሁሉ ጭረት ይሆኑና አንዲት ነጥብ ብቻዋን ጸንታ ትቀራለች። የወጣችው እኔ በገመትኩት መንገድ ነው።

ፕላኔቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር እሷ የምትዞረው ወደ ኋላ ነው። በአካባቢዋ እንደሷ ያሉ ሌሎች ትንንሾችም አሉ። ኃላፊያችን ድሮ ሁሉም አንድ ትልቅ ጨረቃ ነበሩ ይላሉ። አንድ ነገር ከሩቅ መጥቶ መታውና ደቀቀ። የኔዋ ስባሪ ናት።

አሁን ምክርህን እፈልጋለሁ። ግኝቱ በሬዲዮ ሊነገር ነው። ደንቡ ግኝቱን ያገኘው ሰው ስምና የሚሠራበት ቦታ አብሮ ይነገር ይላል። እኔ ስሜ አይውጣ አልኩ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ከወጣ ነገ ቀበቶው ደጄ ላይ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ጆሮዬን ብቻ ይዞ አይሄድም። ኃላፊያችን ግን «ሥራሽን በሌላ ሰው ስም ልናወጣው ነው ወይ?» አሉኝ።

ምን ትለኛለህ?

እህትህ


ኅዳር 2

ለሚጢጢ፣

ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው መሰለሽ አይደል? በግራ እጄ ነው። መምህሯ «ጎበዝ ተማሪ በሁለት እጁ ይጽፋል» ስላለች ነው። አላለችም። ግን ማለት ነበረባት።

ቀኝ እጄን በር ያዘብኝ። ቄራ ውስጥ በር ብዙ ነው። በሩ በዚያው ሁለት የፊት ጥርሶቼንም ይዞ ሄደ፤ አሁን ስናገር አፍንጫዬ ሥር ወፍ የገባች ይመስል እፏጫለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ምን ዓይነት በር ነው አትበዪኝ። ኃይለኛ በር ነው።

ስምሽ ይውጣ ወይስ አይውጣ ላልሽኝ፤ ይውጣ። በትልቁ ይውጣ። እኔ ጨረቃ ባገኝ ኖሮ እዚያው ድረስ ወጥቼ ስሜን በድንጋዩ ላይ በቢላ እቀርጸው ነበር፤ አሁን መጻፍ እችላለሁ፣ ምን ያግደኛል። ለጨረቃይቱም ስም ካጣሽላት «ጉልቤ» በያት። ስምሽን ከደበቅሽ ያ ሰውዬ ጆሮሽ አልበቃው ብሎ ጨረቃሽንም ወሰደ ማለት ነው። ይህን አልፈቅድም። እዚህ በኩል ያለውን ለኔ ተይው።

ስባሪ ናት ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እኔ ሰማይ ጨዋ ሰፈር ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚያም ድብድብ አለ። ግን አንድ ነገር ዘለልሽብኝ፤ መዝለል እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር። መቺውስ የት ሄደ? ተመቺዋ ደቅቃም ይኸው ትዞራለች፣ ፎቶ ትነሣለች፣ በሬዲዮ ልትነገር ነው። መቺው ምን ሆነ? ይህን ለመምህሯ ጠየቅኳት። የታሰረ እጄን አየችና ሌላ ነገር አወራች።

ጉልቤ


ኅዳር 14

ወንድምዓለም፣

ልብስ ሰፊው ጻፈልኝ። በሩ ሁለት እግር እንዳለውና ቀበቶ እንደሚታጠቅ ነገረኝ።

መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ጠብቆሃል። አንተ በግቢያችሁ ልማድ ቢላህን ውጭ መንጠቆው ላይ ሰቅለህ ባዶ እጅህን ገባህ። ቢላ ይዞ የተጣላ ሰው ያን ግቢ ዳግም እንደማይረግጥ አውቃለሁ፤ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። እሱ ግን ከብት ጫኝ እንጂ የናንተ ሰው ስላልሆነ የሚሰቅለው ነገር የለውም። የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ነበር። «የት ናት?» ሲልህ «ትንሽ ናት» አልከው። እንደገና ሲልህ «ጥቁር ናት»። እንደገና ሲልህ «ወደ ኋላ ነው የምትዞረው»። ከዚያ «ቁጭ ብለህ ጠብቃት፣ በዘጠኝ ዓመት አንዴ በዚህ ታልፋለች» ብለህ ሳቅክ። ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ጣት ሰበረ። አምስተኛው ላይ ቆዳ ገፋፊው ባይደርስ አውራ ጣትህም ትሄድ ነበር።

ስትስቅ ታየኝ። አላሳቀኝም። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ደብዳቤ ዛሬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ የተጻፈው በዚያ እጅ ነው።

ወስኛለሁ። የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ሰኞ ስሜም፣ የምሠራበት ቦታም በሬዲዮ ይነገራል። የት እንዳለሁ አገር ካወቀ አንተን የሚጠይቅበት፣ አንተን የሚሰብርበት ምክንያት አይኖረውም። ወደኔ ይምጣ። ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ በሩ ላይ ጠባቂ ቆሟል፣ ጆሮዬን የመረመረው ሐኪም የሰጠኝ ማስረጃ እጄ ላይ ነው። ሲመጣ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ሰው ፊት፣ ዳኛ ፊት፣ ያደረገኝን በስሙ እየጠራሁ እናገራለሁ። መደበቅ ሰለቸኝ።

ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እስከዚያ ሰኞ ድረስ ምንም አታድርግ። ምንም።

እህትህ


ኅዳር 17

ለሚጢጢ፣

ካንቺ ደብዳቤ ሳላገኝ ብዙ ቆየሁ። ፖስታ ቤቱ ካንቺ ጨረቃ ጋር ዘመድ ነው መሰለኝ። ስለዚህ መልስሽን ሳልጠብቅ ጻፍኩ።

አድራሻዬን ቀይሬአለሁ፤ አዲሱን ከፖስታው ጀርባ ተመልከቺ። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ዘበኛው ቀንም ማታም አይተኛም፣ የቤት ኪራይ የለበትም። ሀብታሞች እንዲህ ያለ ቤት ለማግኘት ስንት ይለፋሉ።

ስምሽን አስወጪ። ከእንግዲህ የሚያስፈራሽ ነገር የለም። ቀበቶው ከእንግዲህ መኪና አይነዳም።

ለምን እንደቸኮልኩ ትጠይቂ ይሆናል። ያን ቀን ገንዳ ላይ ቆሜ ስለ ልብስ ሰፊው የቀለድኩትን ሰምቶ ኖሯል። እኔ አልናገር ስለው ወደሱ ዞረ። ሱቁ ገባና ከውስጥ ቆለፈ። የልብስ ሰፊውን እጅ ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር ይዞ ፔዳሉን ረገጠ። ከመዳፉ እስከ አንጓው እንደ ጃኬት ሰፋው። ልብስ ሰፊው ግን ሰባቱን ቃል በሆዱ እንዳስቀረ ቀረ፤ አንዲትም አልወጣችውም። እኔ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጦ ክሩን በመቀስ እየቆረጠ ከሥጋው ይስብ ነበር። «አልነገርኩትም» አለኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቄራ ሄድኩ፤ ከብት የሚያወርድበት ቀን ነበር።

ቢላዬን ሰቅዬ ነው የገባሁት። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ። በዚያ በኩል ስማችን ንጹሕ ነው።

ስጽፍ ከርሜ ግራ እጄ እንዴት ያለች ጎበዝ እንደሆነች ብታዪ። ቀኜ በፋሻ እንደተጠቀለለች ቆማ ስታይ ነበር።

ጉልቤ


ኅዳር 29

ለእህቴ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ «ምንም አታድርግ» የሚለውና ከሱ በኋላ የመጣው። ዘበኛው ከፍቶ ነው የሰጠኝ። አብረውኝ የታሰሩት «እስቲ አንብብልን» አሉ፤ እዚህም ጉልቤ የሚያነብ ሰው መሆኑ ታውቋል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በልቤ አነበብኩት። ይኸው ተማርኩ፤ መምህሯ ያላስተማረችኝን አንቺ አስተማርሽኝ።

ሁለት ጊዜ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት ስለ ክፍላችን ልንገርሽ። ሰፊ አይደለም። ስንተኛ ሁላችንም በአንድ ጎን ነው፤ አንዱ ሲገለበጥ ሁሉም ይገለበጣል። አጠገቤ የሚተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በመፍቻ የሰው ራስ ከፍቶ የገባ። ሲያንኮራፋ ራሱ የዛገ ቧንቧ ነው። ባለፈው ቀን በጫማ ተጣላንና ትንሽ ተደባደብን። እኔ አሸነፍኩ። እሱ እኔ አሸነፍኩ ይላል። ዓይኔ በደንብ ስትከፈት እንተሳሰባለን።

«ውሳኔዬን ከእጄ ነጠቅከኝ» ብለሻል። «እሱም አንተም ሳትጠይቁኝ በኔ ላይ ትወስናላችሁ» ብለሻል። ይቺን መስመር ደጋግሜ አየኋት። እኔንና እሱን በአንድ መስመር አስቀመጥሽን። የሚቀለድባት ቦታ ፈለግኩ። አላገኘሁም።

እሺ። አዎ። ሞቷል።

በሬ በምንሰቅልበት ሰንሰለት ነው። የገባሁት ልገድለው አልነበረም፤ ጣት በጣት ልከፍለው ነበር፣ የልብስ ሰፊውንም ጨምሬ። ሁለቱን እንደሰበርኩ ወደ ኋላ አፈገፈገና ቀበቶውን ፈታ። ዘለበቱ ሲንቀጨቀጭ ሰማሁ። አንቺ አንድ ጊዜ «ያን ድምፅ ስሰማ እግሬ ይከዳኛል» ብለሽኝ ነበር። የኔ እግር አልከዳኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን ቆዳ ገፋፊው ነው የሚያውቀው፤ ሰንሰለቱን ከእጄ ለማስለቀቅ ሦስት ሆነው ነው አሉ። እኔ የማስታውሰው መንጠቆው ላይ ተሰቅሎ የሚወዛወዘውን ቢላዬን ነው። ንጹሕ ነበር።

ሰኞን እንዳትተይ። እባክሽ።

ወንድምሽ


ጥር 20

ወንድምዓለም፣

ብዙ ጊዜ ዝም አልኩህ። ይቅርታ አልልህም፤ ዝምታው የሚገባህ ነበር።

ፍርዱን ሰማሁ። የሐኪሙን ማስረጃ ለጠበቃህ ልኬ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመት የነበረውን አሥራ ሁለት ያደረገው እሱ ነው አሉኝ።

አሁንም እንደተቆጣሁ ነው። ያን ሰኞ ቆሜ ልጠብቀው ነበር። ስሜ በሬዲዮ ተጠራ፤ አበባ መጣልኝ፣ ሰው አጨበጨበልኝ። ስሜን እንዲሰማ የፈለግኩት አንድ ሰው ግን በሕይወት አልነበረም። ማታ በሬን ሳልቆልፍ ተኛሁ። ከተኛሁ በኋላ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። አመሰግንሃለሁ ማለት አይሆንልኝም። ላንተ መጻፍ ማቆምም አይሆንልኝም። ሁለቱንም ይዤ እየኖርኩ ነው።

«መቺው የት ሄደ» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ኃላፊያችንን ጠየቅኳቸው። መቺውም አብሮ ደቀቀ አሉኝ። እንዲያ ባለ ምት ውስጥ ደህና የሚወጣ የለም። አሁን እዚያ ከሚዞሩት ስባሪዎች የትኛው የተመቺው፣ የትኛው የመቺው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይዞራሉ። የኔዋ ከየትኛው እንደሆነች አላውቅም።

ስሟን «ጉልቤ» በያት ብለህ ቀልደህ ነበር። አላልኳትም፤ ስም የሚወጣበት የራሱ ደንብ አለው። ግን አብረውኝ የሚሠሩት ግድግዳው ላይ፣ ፎቶዋ አጠገብ ያለውን ፊርማህን ሲያዩ ከርመው፣ ራሳቸው ጉልቤ ማለት ጀመሩ። «ጉልቤ ዛሬ የት ደረሰች?» ይባባላሉ። አልከለከልኳቸውም።

ጣቶችህ እንዴት ናቸው?

እህትህ


የካቲት 12

ለሚጢጢ፣

ጣቶቼ ገጥመዋል፤ አንዷ ብቻ ጠማማ ሆና ቀርታለች። ወደ ኋላ ነው የምትዞረው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በሷ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ቢወላገድ እሷን ስደቢ።

ልብስ ሰፊው ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። በአንድ እጁ ሱሪ ሰፍቶልኛል፤ አንዱ እግር ረዥም ነው። ሲነሣ «ምን ልንገራት?» አለኝ። «እኔ እጽፍላታለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የሰኞውን ሬዲዮ እኔም ሰምቻለሁ። እዚህ ግቢው መሐል ምሰሶ ላይ ሬዲዮ ተሰቅሏል። ሁላችንም ልብስ እያጠብን ነበር። ስምሽን ከነአባትሽ፣ ከነአያትሽ ሙሉውን ጠሩት። ቀጥለው ያለሽበትን ቦታ ጠሩ፤ ያን እኔ የዘለልኩትን። ቧንቧ ሠራተኛው «ሰዎቹ ጨረቃም ይቆጥራሉ እንዴ፣ ሥራ አጥተው ነው» አለ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። አጠገቤ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለ፤ ጠርዙ ለመቆም ይመቻል።

አልወጣሁበትም። አፌን ዘጋሁና ሸሚዜን ማሸት ቀጠልኩ። በልቤ ሰማሁት። ሙሉ ስምሽን ሰባት ጊዜ ያህል በልቤ አልኩት፤ ሸሚዙ ተቀደደ።

ስለ ስባሪዎቹ የጻፍሽልኝን አንብቤአለሁ። ልክ ነው።

ሌላ ሒሳብ ግን ሠርቻለሁ፤ እዚህ እስር ቤቱ ትምህርት ቤት ሒሳብም ጀምረናል፣ አንደኛ ነኝ። እሷ ዙሯን በዘጠኝ ዓመት ትጨርሳለች። የኔ አሥራ ሁለት ነው። ትቀድመኛለች። ሰነፍ ያልኳትን አንሥቻለሁ። ከተነሣችበት ቦታ ስትደርስ ያኔ አይተሽ ጻፊልኝ። የሚቀረኝ ሦስት ዓመት ነው፤ አንቺ ሦስት ዓመት ችለሽ የለ።

ወንድምሽ
ጉልቤ